መስታወት የሌለው ሰዓት

የልጄ ባል ብሩክ ደህና ሰው ነው፤ ክፋቱ ስልኩ ነው። ባለፈው እሑድ ምሳ እንደበላን አጠገቤ ተቀመጠና "አባባ፣ እርስዎ ሰዓት ይወዱ የለ? እስቲ ይህንን ይዩልኝ" ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ሽርጥ ታጥቆ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ አቀርቅሯል። ብቻውን አንዲት መንደር ውስጥ ተቀምጦ በዓመት ሰባት ወይ ስምንት የእጅ ሰዓት ይሠራል አለኝ። ፋብሪካ የለው፣ አለቃ የለው። የአንዷ ዋጋ እዚህ ሐይቅ ዳር ፎቅ ያሠራል። ገዢው ደግሞ ስምንት ዓመት ወረፋ ይጠብቃል። "ስምንት ዓመት፣ አባባ! ያውም ደስ እያለው!" አለ ብሩክ፣ ራሱ እንደሠራት ሁሉ እየኮራ። ደስ እያለው! እኔ አምስት ወር ጠብቄ ሰው ልገድል ነበር። ያውም የጠበቅሁት ፈረንጅ አገር ሄጄ ሳይሆን እዚሁ ባሕር ዳር፣ አሮጌው ገበያ ጥግ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር ደረጃ ሥር ነው።

ያኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጠባዬን እንድታውቁት ነው። ሦስት ፈረቃ ሠራተኛ የሚገባውና የሚወጣው እኔ በማስነፋው ጡሩምባ ነበር። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰፍራል፤ ዘመድ አላውቅ፣ አበልጅ አላውቅ። ከፋሲሎ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ ሴቱ ወጡን የሚያወርደው፣ ተማሪው ደብተሩን የሚያነሣው በዚያ ጡሩምባ ነበር። ከተማው የብስክሌት ከተማ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ያ ባለ ዘንባባ መንገድ በብስክሌት ደወል ይንጫጫል። ካኪ ኮትና ሱሪ ግጥም አድርጎ የለበሰው ካድሬ ከፊት ይነዳል፤ ከኋላው ሱሪው ከታች የሰፋ ጎረምሳ ሰንሰለቱ እንዳይበላበት ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ አስሮ ይከተላል። አንድ ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ከነብስኩቱ ጠጥቶ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ ሰው አምቶ ይወጣል። አሁን ስሙኒ ራሷስ የታለች! የቡና ቤቶቹ ድምፅ ማጉያ ግማሹን ቀን ማርሽ፣ ግማሹን ቀን የፍቅር ዘፈን ያሰማል፤ ስብሰባ ሲኖር ሁለቱም ይቆማል። ስብሰባ ደግሞ መቼ ጠፍቶ! ስኳር በወረፋ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ነጭ ጋዝ በወረፋ። ወረፋ ለምዶብን ነበር የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው፤ ወረፋ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ጋሽ እንድሪስ ከወረታ የመጡ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ወንድማቸው አሮጌው ገበያ ጥግ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሳቸው ከመደብሩ ደረጃ ሥር፣ አንድ ሰው አጎንብሶ በሚገባባት ጠባብ ቦታ ሰዓት ያድሳሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ጋዋን የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ሙያውን ከማን ተማሩት ቢባሉ "ከተሰበረ ሰዓት" ይላሉ። ለማደስ ለማደስ ሌላም አዳሽ ሞልቶ ነበር፤ የእሳቸው ጉድ ሌላ ነው። አንድ አሮጌ፣ ወፍራም የሩስያ የኪስ ሰዓት ያገኙና አጥንቱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ይጥሉታል። ፊቱን ከነሐስ ቀጥቅጠው ይሠሩታል፤ ቁጥሩን በግዕዝ ይቀርጹታል፤ ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክቱትን ቆጣሪዎች ከብረት በሞረድ ያወጧቸዋል፤ ብሎኖቹን በጋለ ነሐስ ብናኝ ላይ አኑረው ሰማያዊ እስኪሆኑ ያግሏቸዋል። ከዚያ መወልወል ነው። አቤት መወልወል! ማንም የማያየውን የውስጥ ብረት በእንጨት ስንጥርና በዘይት ሳምንት ሙሉ ያሹታል። በዕድሜያቸው እንዲህ አድርገው የሠሯቸው ሰዓቶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። "ምነው ባበዙት?" ሲሏቸው "ሰዓት ነው እንጂ ዳቦ ነው እንዴ?" ይላሉ። መቼ እንደሚደርስ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ነገ፣ ኢንሻላህ።" ሰዓት ሠሪ ሆኖ ቀን የማያውቅ ሰው ከእሳቸው በፊትም ከእሳቸው በኋላም አላየሁ።

እኔን ወደዚያ ደረጃ ሥር የወሰደኝ አባቴ ነው። አባቴ የዘጌ ሰው ነው፤ በጀልባ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቡናና ጌሾ ነበረው፤ ሥራዬ የሚለው ግን ደወሉን ነበር። የደብራችን ደወል ከእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቷቸው ድምፃቸው ውኃውን ተሻግሮ ይሄዳል። ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ አባቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ፣ ቀና ብሎ ኮከብ አይቶ ይደውላል፤ ካህናቱ በእሱ ደወል ይነሣሉ። እንግዲህ እኔም ጡሩምባዬን የወረስሁት ከሌላ ከማንም አይደለም። ኋላ ዓይኑ ጠፋ። ቀስ በቀስ ነው የጠፋው፤ ሐኪም አየውና "አልፏል" ብሎ መለሰው። ኮከቡ ሲጠፋበት በዶሮ ጩኸት ጀመረ፤ ዶሮ ደግሞ ምን ያውቃል! አንድ ጊዜ በእኩለ ሌሊት ደውሎ መንደሩን ሁሉ ቀሰቀሰ። ሌላ ጊዜ አርፍዶ ቄሶቹ ደወል ሳይሰሙ በራሳቸው መጡ። የደብሩ ሽማግሌዎች ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ "እስከ ዘመን መለወጫ ያዘው፤ ከዚያ ለጎልማሳ እናስረክብ" አሉት። ከትንሣኤ በኋላ ልጠይቀው ብሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"አያሌው" አለኝ፣ "ደወሉን ከወሰዱብኝ ሌሊቱን ምን አደርግበታለሁ? ለእኔ እንደሁ ቀኑም ሌሊት ሆኗል። በእጄ ዳስሼ የማውቀው ሰዓት ብታገኝልኝ እኮ እችላለሁ።"

አገኝልሃለሁ አልሁት። አባቴ በሕይወቱ ከእኔ የለመነው ነገር ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄድሁ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ "አንድ ሰዓት መስታወቱን ነቅለው ይስጡኝ" አልኋቸው።

"ለምን?"

ነገርኋቸው። ማጉያቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

"መስታወት መንቀልማ ሕፃንም ይነቅላል" አሉኝ። "የፋብሪካ ቆጣሪ ስስ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ይጎብጣል። አባትህ በሳምንቱ የጎበጠ ሰዓት ይዘው ሊቀሩ ነው? ቆጣሪው ወፍራም መሆን አለበት፤ ቁጥሩም ከፍ ማለት አለበት። ቆጣሪው ሲወፍር ደግሞ ይከብዳል። ሰዓቱን የምትነዳው ሞላ ያን ሁሉ ክብደት እንድትጎትት የውስጡ ብረት እንደ ቅቤ መለስለስ አለበት።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ለሐምሌ ይደርሳል፣ ኢንሻላህ።"

ስለ ሞላና ስለ ክብደት ያሉኝን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አወጣሁት። እኔ የሰማሁት "ለሐምሌ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ሄድሁ፤ ቁጥር ይቀርጻሉ። ፲፪ን፣ ፫ን፣ ፮ን እና ፱ን ከፍ አድርገው፣ በመካከል ያሉትን በነጥብ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ይጠርቡታል፣ ደግሞ ጨፍነው ይዳስሱታል። ይሁን። ሰኔ ላይ ሄድሁ፤ ቆጣሪ ይሞርዳሉ። ይሁን። ሐምሌ ላይ ሄድሁ፤ ሰዓቱን ወዲያ አስቀምጠው ወረቀት ላይ ክብ ይሥላሉ!

"ቀን የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ልጨምርበት አስቤ ነው" አሉኝ። "የፈረንጁ ሰዓት እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል፤ የእኛ ወር ሠላሳ ነው። ሠላሳ ጥርስ ያለው ክብ ብሞርድ ሚካኤሉም ማርያሙም በጣታቸው ይታወቃቸዋል።"

"ጋሽ እንድሪስ፣ ማን ጠየቀዎት? አባቴ ቀኑንማ ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ያውቃል! የጠፋበት ሰዓቱ ነው!"

"እሱስ ልክ ነህ" አሉና አገጫቸውን አሹ። "ግን ጳጉሜን ምን ላድርጋት?"

እግዚኦ! የእኔ አባት ደወሉን ሊቀማ ቀን ይቆጥራል፣ እሳቸው ለጳጉሜ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጳጉሜ ነደድሁ። በብስክሌቴ ባለፍሁ ቁጥር ከደረጃው ሥር ብቅ ይሉና መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። "አያሌው፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች አይደል?" ይሉኛል። እኔ ክርስቲያኑ አስቤያት የማላውቀውን ጳጉሜ እሳቸው ሙስሊሙ እንቅልፍ አጥተውባታል። የጨርቅ ነጋዴው ወንድማቸው ሳይቀር "ኧረ ተወው፣ ይህን ልጅ ጨጓራውን ልትልጠው ነው" ብሎ ለመነልኝ። በመጨረሻ "ይከብዳል፤ ለዚህ ሰዓት አይሆንም" ብለው ተዉት። ሐምሌ ግን አልቋል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ገበያውን ጭቃ አድርጎት፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ሄድሁ። ሰዓቱ ይሠራል! ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ቆጣሪው ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው እኔም አወቅሁት። "እንግዲያው ይስጡኝ" አልሁ። "አላለቀም" አሉ፤ ጀርባውን ከፍተው ጥርሳጥርሱን ደግፎ የሚይዘውን ትልቁን ብረት አወጡና ስንጥርና ዘይት አነሡ።

"ማን ሊያየው ነው?"

"ማንም።"

"አባቴ እኮ ዓይነ ስውር ነው፣ ጋሽ እንድሪስ! ዓይን ያለውም ሰው ይህን ከፍቶ አያይም!"

"እኔ አየዋለሁ" አሉኝ ሳይቆጡ። "ብረቱም ያውቀዋል።"

ብረቱም ያውቀዋል! ብስክሌቴን በእጄ እየገፋሁ፣ ለብቻዬ እያጉረመረምሁ ቤቴ ደረስሁ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ብትለኝ "ለዕውር ኩል የሚኩል ሰው እጅ ወድቄ ነው" አልኋት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ዘመን መለወጫ ሦስት ሳምንት አይሞላም።

ያን ጊዜ ከከተማ መውጣት እንደዛሬው ተነሥቶ መሳፈር አይደለም። ከፋብሪካው ፈቃድ፣ ከቀበሌው ወረቀት፣ ከወረቀቱ ላይ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ላይ ፊርማ። ቀኑ ካለፈ ሁሉም እንደገና ነው። የእኔ ወረቀት ለነሐሴ ሠላሳና ለማግስቱ ነበር። ጀልባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይነሣል፤ እኔ በሁለት ሰዓት ደረጃው ሥር ደረስሁ። ጋሽ እንድሪስ አቀርቅረዋል፤ ያ ብረት በእጃቸው ነው፤ ስንጥሯ ትሄዳለች ትመለሳለች።

"ዛሬ እሄዳለሁ" አልኋቸው።

"አራት ቀን ቀረችኝ አያሌው። ለጳጉሜ አራት፣ ኢንሻላህ።"

ደሜ ፈላ። "ጀልባው ሊነሣ ነው! ዘመን መለወጫ ሳምንት አልቀረውም! ስጠኝ!" አልሁ። ይስጡኝ አላልሁም፤ ስጠኝ አልሁ፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው። "አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትወለውል ልትኖር ነው? የሚሠራ ሰዓት ይዘህ አባቴን ደወሉን ልታስቀማው? ግጠምና ስጠኝ!"

መደብሩ ውስጥ ጨርቅ ያስለኩ የነበሩ ሴቶች ዞረው አዩኝ። ጋሽ እንድሪስ ስንጥሯን አስቀመጡ። ብረቱን በጨርቅ ጠርገው ቦታው መለሱት፤ ብሎኖቹን አሰሩ፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ ሰዓቱን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ።

"ያልተወለወለ ብረት ይፋቃል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ብናኙ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ደህና ይሄዳል፤ ኋላ መጎተት ይጀምራል። ከመስቀል በፊት መልሰህ አምጣልኝ። ለአባትህም ንገራቸው።"

"እሺ" አልሁ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥሁ።

ሐይቁ በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል። ጀልባው ውስጥ ጌሾ ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች በባዶ ጆንያቸው ራሳቸውን ከካፊያው ከልለው ያወራሉ፤ እኔ ሰዓቱን በብብቴ ይዤ ቀጭታውን እያዳመጥሁ ተቀምጫለሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ነበር። ጨርቁን ፈታሁና መዳፉ ላይ አኖርሁለት። መጀመሪያ ዙሪያውን ዳሰሰው፣ ከዚያ ፲፪ን አገኘ፣ ከዚያ ቆጣሪዎቹን በጣቱ ጫፍ ተከተለ።

"አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው" አለ።

የራሴን አየሁ። ልክ ነው። አባቴ ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። ለጎረቤቱ ተጣርቶ "ስንት ሰዓት ነው? እኔን ጠይቀኝ እስቲ!" አለው። ጎረቤቱ ጠየቀው። ነገረው። እንደገና አስጠየቀው። ከዚያ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲመታ የኖረ ሰው ጆሮው ሌላ ነው፤ ግንባሩን ቋጠር አደረገ።

"ሰውየው ጨርሶ ነው የሰጠህ?" አለኝ።

"አዎ አባየ። ጨርሶ።"

ምን ልበለው? እንዲህ ደስ ብሎት ሳለ "ከሳምንት በኋላ መልሼ ልወስድብህ ነው" ማለት ከበደኝ። በኋላ እነግረዋለሁ አልሁ። በሌላው ሰው "ነገ" ስናደድ የከረምሁት ሰውዬ!

የመስከረም አንድ ደወል ልክ በሰዓቱ ተመታ። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ሰዓቱን ተራ በተራ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱትና "በል ያዘው፤ ደወሉ የአንተ ነው" አሉት። አባቴ መልእክቱን በጀልባ ነጂው ላከልኝ፤ ከደስታዬ ብዛት የፈረቃ ጓደኞቼን ሁሉ ሻይ ከነብስኩቱ ጋበዝሁ። ከመስቀል በፊት መልስ የተባልሁትስ? የአብዮት በዓል ሰልፍ መጣ። ከሰልፉ በፊት ልምምድ፣ ከሰልፉ በኋላ ግምገማ፤ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ ብዬ የምመዘግበው ደግሞ እኔ። በዚያ መካከል ፈቃድ ብጠይቅ ማን ይሰጠኛል? እውነቱን ልናገርና፣ አልጠየቅሁም። ሰዓቱ ይሠራል፣ አባቴ ደስ ብሎታል፣ ጋሽ እንድሪስ እንደልማዳቸው ነገር ያካብዳሉ አልሁ።

የመስቀል ዕለት ሌሊት ሰዓቱ ጎተተ። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ እየዳሰሰ ጠበቀ። ዶሮው ሲጮኽ ሰምቷል፤ ወፎቹን ሰምቷል፤ ከበሩ ስንጥቅ ሙቀት መጥቶ ፊቱን ነክቶታል። ሰዓቱን ግን አመነ። ልጁ ያመጣለት ሰዓት ነዋ! ተጠናቋል የተባለ ሰዓት ነዋ! አሁን ዘጠኝ ሆነ ብሎ ወጥቶ ድንጋዩን ሲመታ ፀሐይ ወጥታ፣ ምእመኑ ነጠላውን አጣፍቶ ግቢውን ሞልቶታል። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላውም ሳቀ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በበዓል ቀን ሰው በትንሹም በትልቁም ይስቃል። አባቴ መምቻ ድንጋዩን ቦታዋ አስቀመጣት፤ በትሩን ይዞ ቤቱ ገባ። ደወሉን በዚያው ሳምንት ማንም ሳይጠይቀው አስረከበ።

በሳምንቱ ሄድሁ። "አያሌው፣ ሰዓቱን ምን ነካው?" አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። "ሰዓት ሠሪው አጭበርብሮኝ ነው" አልሁት። በዚያም አላበቃሁም። ባሕር ዳር ተመልሼ በየሻይ ቤቱ "ያ ሰውዬ አባቴን አዋረደብኝ" ስል ከረምሁ። የፋብሪካ ሰው እኔን ያምናል፤ ሰዓት ተቆጣጣሪው ስለ ሰዓት ሲናገር ማን ይጠራጠራል? ብዙ ሰው ሰዓቱን ወደ ሌላ አዳሽ ወሰደ። ጋሽ እንድሪስ አንድ ቀን እንኳ "አላለቀም ብዬው ነበር" አላሉም። መንገድ ላይ ስንገናኝ የሚሉኝ ያችኑ ነበር፤ "አያሌው፣ ሰዓቷን አምጣልኝ፣ ልጨርሳት።" እኔ ፊቴን አዙሬ ብስክሌቴን እነዳለሁ። አብዝቶ የሚጮኸው ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። አባቴ ሰዓቱን ለማንም አልሰጥም ብሎ እስኪሞት ትራሱ ሥር አስቀመጠው፣ እንደቆመ። አልፎ አልፎ ያወጣውና ቁጥሮቹን በጣቱ ይዳስሳል። ጋሽ እንድሪስም አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ ኋላ ቆምሁ፤ ወንድማቸው አይቶኝ "መጣህ?" አለኝ።

ብሩክ "ሰዓት ይወዳሉ" የሚለኝ እንግዲህ ይህ ነው። ምን እወዳለሁ! ጋሽ እንድሪስ ከሠሯቸው ዘጠኝ ውስጥ አራት ሌሎች ፈልጌ ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መሸንቲ ከአንድ እህል ነጋዴ ላይ ነው፤ አልሸጥም ብሎ አራት ቅዳሜ አመላለሰኝ፤ በአምስተኛው ሚስቱ "ይህ ሰው ከሚያብድብን ስጠው" አለችው። አንዱን ማክሰኝት ድረስ ሄጄ ከጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ገዛሁ። እሱ ደግሞ ከመስጠቱ በፊት ሰዓቱን ሳመው። የመሸንቲው ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያቺ ቀን ቆጣሪ! ሠላሳ ጥርስ፣ በሞረድ አንድ በአንድ የወጣ። ጳጉሜንም አበጅተውላታል፤ ነሐሴ ሲያልቅ በጎን ያለችውን ትንሽ ጫፍ ትጫናለህ፣ ቆጣሪዋ ምንም ቁጥር በሌለበት ቦታ አምስቱን ቀን ትቆማለች፤ መስከረም ሲጠባ ትለቃታለህ። በየዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ቀን እጫናታለሁ። እጄ እንቢ ይለኛል፣ ግን እጫናታለሁ። አራቱም እስከ ዛሬ ደቂቃ አይስቱም። ጀርባቸውን ሲከፍቱት የውስጡ ብረት ነፋስ ያልነካው ውኃ ይመስላል፤ ጭረት የለው፣ ብናኝ የለው። "ብረቱም ያውቀዋል" ያሉኝ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ መሸንቲ ላይ፣ ከእህል ነጋዴው ሚዛን አጠገብ ቆሜ ነው።

ያን እሑድ ብሩክ የፈረንጁን ሥራ አድንቆ ሲጨርስ ተነሣሁና ከቁም ሣጥኑ የብስኩት ቆርቆሮዬን አመጣሁ። አራቱን አይቶ አፉን ከፈተ። ከሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አምስተኛውን፣ የአባቴን፣ ሳየው ልመልሰው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ። "መስታወት የለውም እኮ" አለ። ቁጥሮቹን ዳሰሰ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ስልኩን አስጠግቶ አጎላው። ትልቁ ብረት ስልኩ ላይ የመዳፍ ያህል ሆኖ ታየ። አንድ ወገኑ እንደ መስታወት ያበራል፤ የብሩክ ጣት ሳይቀር ውስጡ ይታያል። ሌላው ወገን ሞረዱ እንደተወው ሻካራ ነው። በመካከላቸው ቀጥ ያለች መስመር አለች፤ ስንጥሯ እዚያ ላይ ነው የቆመችው።

"ይገርማል" አለ ብሩክ። "እስከዚህ ድረስ እንዲህ ተጨንቆ፣ ምነው ሰዓት ሠሪው ሳይጨርሰው ተወ?"

ለዚህ ጥያቄ ስንትና ስንት ዓመት አንድ መልስ ነበረኝ። አባቴም ያን መልስ ሰምቶ ነው የሞተ። ስልኩን ተቀበልሁትና ጥፍሬን መስመሯ ላይ አኖርሁ።

"እስከዚህች ድረስ ጋሽ እንድሪስ ናቸው" አልሁት። "ከዚህች ወዲያ ያለው እኔ ነኝ።"